ከእናቱ ጎን የሚያድር ሕፃን፦ ከመቱ እስከ ጎሬ የአንድ ጥያቄ ዳሰሳ

በኢሉባቦሯ የመቱ ከተማ አራስ ሊጠይቅ ገብቶ «ሕፃኑ የሚተኛው የት ነው?» የሚል እንግዳ ቢኖር ጥያቄው ራሱ ቤተሰቡን ያስገርማል። ከእናቱ ጎን ነዋ። በጎሬም በሁሩሙም፣ በያዮም በቡሬም፣ በበደሌም መልሱ ይኸው ነው። የሕፃን አልጋ የገዛ ቤተሰብ ቢገኝ እንኳ ቀን ቀን የታጠበ ጨርቅ ይከመርበታል እንጂ ሕፃኑ ሌሊት አያድርበትም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ድምፅ እየተሰማ ነው። ወጣቷ እናት ስልኳ ላይ «አብሮ መተኛት ሕፃን ይገድላል» የሚል ቪዲዮ ታያለች። አሜሪካ ያለች እህቷ ደውላ «እዚህ ሐኪሞቹ አጥብቀው ይከለክላሉ፤ ለብቻው አስተኚው» ትላታለች። እናቷ በበኩሏ «እኔ ሁላችሁንም ጎኔ አድርጌ ነው ያሳደግኳችሁ፤ አሁን ምን መጣ?» ትላለች። ሁለቱም ለሕፃኑ አስበው ነው። ልጅቷ ግን የማንን እንደምትሰማ ሳታውቅ ዓይኗን ሳትከድን ታድራለች።

የምደርስበትን ከወዲሁ ልናገር። በኢሉባቦር ከተሞች ሕፃኑን የሚያሰጋው የእናቱ ጎን አይመስለኝም። የሚያሰጋው አልጋው ላይ፣ ከአልጋው ሥርና በአልጋው ዙሪያ ያለው ነገር ነው። ምክራችን እሱን ትቶ የማይሆን ቦታ ላይ እየጮኸ ነው።

አገሩን የማያውቅ አንባቢ አስቀድሞ ዝናቡን ይያዝ። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ ከኢትዮጵያ ከተሞች መካከል ዝናብ ከሚበዛባቸው ግንባር ቀደሟ ናት። ከፍታዋ 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። መቱ ከእሷ ዝቅ ብላ፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በቡና ደን መካከል ትገኛለች። በክረምት የጭቃው ምርጊት ርጥበት ይጠጣል፤ የታጠበ የሕፃን ጨርቅ ቀናት ሳይደርቅ ይሰነብታል። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። የቤት ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ባለ ሌሊት የሁለት ሳምንት ሕፃን ሙቀት የሚያገኘው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከእናቱ ገላ።

ይህን ሐኪሞችም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስጠግተው ማሰር ጀመሩ። የካንጋሩ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው ዘዴውን አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ እንዲህ እንዲታቀፍ አሳስቧል። የአያቶቻችን ልማድ ትልቅ እውነት እንደያዘ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በካንጋሩ እንክብካቤ ሕፃኑ ቀጥ ብሎ በጨርቅ ይታሰራል፤ አንገቱ ይደገፋል፤ እናቲቱ ራሷን ከፍ አድርጋ ደገፍ ትላለች እንጂ አትዘረጋም፤ ነርስም ዞር እያለች ታያታለች። ቤት ገብታ በድካም ጋደም ስትልና ያው ትንሽ ሕፃን ክንዷ ሥር ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት አልጋ በመጋራት ለሚመጣ አደጋ ከሌሎቹ ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። ያቺው እናት ሆስፒታል ሳለች «ደረትሽ ላይ እሰሪው» ትባላለች፤ ቤቷ ስትገባ «አታስጠጊው» ትባላለች። ልዩነቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ከሌለ ሁለቱንም ምክር ብትጥል አልፈርድባትም።

የአካባቢው ልማድ ለአራስ የሰጠው ክብር ትልቅ ነው። በኦሮሞው ባህል እናት በወለደች በአምስተኛው ቀን የሸነን ሥርዓት ይደረጋል፤ ሴቶች ተሰብስበው ማርቃው፣ ማለትም ገንፎው፣ በቅቤ ይቀርባል፣ ይዘፈናል፣ ይመረቃል። አራሷ ከባድ ሥራ አትነካም። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እስከዚያ ባልና ሚስት አይገናኙም። በሙስሊሙም ዘንድ እስከ 40 ቀን የሚደርስ የአራስነት ጊዜ አለ። በዚህ ምክንያት በብዙ ቤት አባት ሌላ ቦታ አንጥፎ ይተኛል። አልጋው የእናትና የልጅ ብቻ ይሆናል፤ በሌሊት የምትነሣ፣ ኩራዝ ወይም ባትሪ የምታበራ የአራሷ እናት ወይም አክስትም አጠገባቸው አለች። ለሕፃን ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ማሰብ ይከብደኛል።

ከዚያ አርባው ወይም ሰማንያው ይደርሳል። ክርስትናው ይደገሳል፤ ጠላው ይጠመቃል፣ አረቄው ይመጣል፣ ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል። አክስት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አባት ወደ አልጋው ይመለሳል። ሌላ ማደሪያ ያጣ የሁለት ዓመቱ ታላቅ ልጅም እግርጌ ይገባል። ድንገተኛ የሕፃናት ሞት፣ ማለትም ሕፃን ምክንያቱ ሳይታወቅ በእንቅልፉ የሚሞትበት ሁኔታ፣ በተጠናባቸው አገሮች ሁሉ ሞቱ የሚበዛው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። ልማዳችን ለሕፃኑ የዘረጋው ጥላ የሚታጠፈው፣ አልጋው የሚጣበበውና መጠጥ ወደ ቤት የሚገባው ልክ በዚያ ጊዜ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ መገጣጠም ነው።

መጠጥን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። እናት ተኝታበት ሕፃን የመሞቱ ነገር እንደ ሰው ልጅ ታሪክ ያረጀ ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ሁለቱ ሴቶች ንጉሥ ሰሎሞን ፊት የቆሙት የአንደኛዋ ልጅ ሌሊት እንዲህ ሞቶ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በስኮትላንዷ ዳንዲ ከተማ የፖሊስ ሐኪም የነበረው ቻርልስ ቴምፕልማን በአልጋ ላይ ታፍነው የሞቱ 258 ሕፃናትን መዝገብ አገላብጦ ነበር። ግማሽ ያህሉ የሞቱት ቅዳሜ ማታ ነው። ቅዳሜ በዳንዲ ፋብሪካዎች ደመወዝ የሚከፈልበት፣ መጠጥ የሚጠጣበት ቀን ነበር። እናቶቹ በሳምንቱ ሌሎች ቀናትም ከልጆቻቸው ጋር በዚያው አልጋ ላይ ይተኙ ነበር፤ ቅዳሜን ልዩ ያደረገው መጠጡ ነው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1908 ባወጣችው የሕፃናት ሕግ ሰክሮ ከሕፃን ጋር ተኝቶ ለሞት ያበቃን ሰው ተጠያቂ አደረገች። ከ130 ዓመት በፊት የታየው ይህ ነገር እስካሁን የቀረቡት ጥናቶች ሁሉ የሚያጸኑት ነው።

የዛሬው ሳይንስ ግን አንድ ድምፅ የለውም፤ ይህን አንባቢ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ፣ ብሪታንያና አሜሪካ ሕፃናትን በሆዳቸው ማስተኛት ይቅር፣ በጀርባቸው ይተኙ ብለው ዘመቻ አካሄዱ፤ ድንገተኛው ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ አልጋ መጋራት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪው ካርፔንተርና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ወላጆቹ ባያጨሱም ባይጠጡም እንኳ አልጋ ሲጋራ አደጋው አምስት እጥፍ ይጨምራል አለ። በዓመቱ ደግሞ የብሪስቶሉ ፒተር ብሌየርና ባልደረቦቹ ሶፋን፣ መጠጥንና ሲጋራን ለይተው ሲያወጡ የሚቀረው አልጋ መጋራት በራሱ ጉልህ አደጋ ሆኖ እንዳላገኙት ጻፉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባደሰው ምክሩ ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ በወላጆቹ ክፍል፣ ከአልጋቸው አጠገብ፣ ነገር ግን በተለየ መኝታ ይተኛ ይላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው መመሪያ ደግሞ ወላጆች አልጋ ሊጋሩ እንደሚችሉ ተቀብላ፣ አደጋ የሌለበት እንዴት እንደሆነ እንዲነገራቸው አዘዘች። ሁለቱ አገሮች ያነበቡት መረጃ አንድ ዓይነት ነው። የተለያዩት ለእናት እንዴት ቢነገር ይበጃል በሚለው ላይ ነው፤ እኔ በዚህ ከብሪታንያ ጋር ነኝ።

ምክንያቴን ላስረዳ። አንትሮፖሎጂስቱ ጄምስ ማኬና በአሜሪካ፣ ሔለን ቦል በእንግሊዟ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ እናትና ልጅ ተኝተው ሳለ በካሜራ ቀርጸው ለዓመታት አጥንተዋል። የምታጠባ እናት በጎኗ ትተኛለች፤ ፊቷን ወደ ልጇ ታዞራለች፤ ጉልበቷን አጥፋ ከእግሩ ሥር ታደርጋለች፤ ክንዷን ከራሱ በላይ ትዘረጋለች። ሕፃኑ ከጡቷ ትይዩ ይሆናል፤ ትራሱም ብርድ ልብሱም አይደርስበትም። ሲንቀሳቀስ ትነቃለች፤ ስትነቃ ይነቃል። ይህን ያስተማራት የለም። ጡት የማታጠባ እናት ግን ልጇን ብዙ ጊዜ ከፍ አድርጋ ከትራሱ አጠገብ ታስተኛዋለች። የመቱ አያት በቡና ሰዓት «ልጅ ጡት ሥር ይተኛ፣ ራስጌ አይውጣ» ብትል የደርሃሙ ቤተ ሙከራ ያየውን ነው የምትናገረው።

ጡት ማጥባቱ ራሱ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው፣ 48ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ገዳዮቹ በአብዛኛው ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምችና ተቅማጥ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለኢንፌክሽኑ፣ ለሳንባ ምቹና ለተቅማጡ የእናት ጡት ቀዳሚ መከላከያ ነው። በዚያው ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። ሌሊት ለማጥባት ከአልጋ ወርዳ፣ በብርድ ተነሥታ፣ በጨለማ ሌላ ማእዘን ሄዳ የምትመለስ እናት ብዙ ሳትቆይ የሌሊቱን ጡት ታስቀራለች። አብሮ መተኛትን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ምክር በዚህ በኩል የሚያስከፍለውን ዋጋ መቁጠር አለበት።

አሁን ወደ አልጋው እንቅረብ። የድሮው መደብ ከጭቃ የተሠራ፣ ጠንካራና ለጥ ያለ፣ ከግድግዳው ጋር አንድ የሆነ፣ ጀንዲ ወይም ቁርበት የሚነጠፍበት ነበር። ለአዋቂ ጎን ላይመች ይችላል፤ ሕፃን ግን አይሰምጥበትም፣ የሚሾልክበት ክፍተትም የለውም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት ከወሎና ከትግራይ ተነሥተው በኢሉባቦር የሰፈሩ ቤተሰቦችም የሚያውቁት መኝታ ይኸው መደብ ነበር። ዛሬ በከተሞቹ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት የሚገዙት ሜትር ከሃያ አልጋና ስፖንጅ ፍራሽ ነው። ስፖንጁ ርካሽ ከሆነ ብዙ ሳይቆይ መሀሉ ይጎደጉዳል። ከባዱ ሰው ባለበት በኩል ሲሰምጥ ቀላሉ ወደዚያው ይንከባለላል፤ የሦስት ወር ሕፃን ደግሞ ፊቱ አባቱ ጀርባ ወይም ፍራሹ ላይ ሲደፋ ራሱን ማዞር አይችልም። አልጋው ግድግዳ ላይ ተጠግቷል ይባላል እንጂ ከምርጊቱ ጉብጠት የተነሣ አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። «እንዳይወድቅ» ተብሎ ሕፃኑ የሚተኛው በዚያ በኩል ነው። ሾልኮ ጭንቅላቱ የሚያዝበትም ያ ክፍተት ነው። አልጋው ወይ ምንም ክፍተት እስከማይቀር ይጠጋ፤ ካልሆነም ከግድግዳው በደንብ ይራቅ።

በላዩ ላይ የነብር ሥዕል ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። ጋቢ አየር ያስተላልፋል፤ ይህ ብርድ ልብስ አያስተላልፍም፤ ለአራት ወር ሕፃን ክብደቱም ቀላል አይደለም። ሕፃኑ ለብሶ፣ በራሱ ጨርቅ ሆኖ፣ የአዋቂዎቹ ብርድ ልብስ ከወገባቸው በታች ቢቀር ይሻላል። ከብርድ ልብሱ ይልቅ የምፈራው ደግሞ የፊት መሸፈንን ነው። ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳይገባው፣ ብርድ እንዳይነካው ብለን የሕፃን ፊት በነጠላ እንሸፍናለን። ቀን ላይ ሰው እያየው ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ የተሸፈነ ፊት ግን የወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ቆብ ሊደረግለት ይችላል፤ ፊቱ ግን ይገለጥ። እንቅልፍ የጣላት እናት ጡት በሕፃኑ አፍንጫ ላይ እንዳይደፋ የሚፈሩትም እውነት አላቸው፤ ጠብቶ ሲለቅ በጀርባው ማስተኛት ለዚህ መፍትሔው ነው።

ከሰሉን ሳላነሣ አላልፍም። አራስ ቤት መሞቅ አለበት ተብሎ ፍም የሞላ ማንደጃ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ይደፈናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ እናትንም ልጅንም በእንቅልፋቸው ይወስዳል። በዚህ ላይ መደራደሪያ የለም፤ ከሰል ከመኝታ በፊት ከክፍሉ ይውጣ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ጥናቶች ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው አደጋ ሲጋራ ነው፤ ያ በእኛ እናቶች ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። በ2008ቱ ጥናት ሲጋራ የሚያጨሱት ሴቶች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። በእሱ ምትክ የእኛ የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ድካም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት እናት ልጇን አዝላ ጫካ ትውላለች፤ ማታ እንጨቱም ውሃውም ይጠብቃታል። እንደዚያ የደከመ ሰው እንቅልፍ ሌላ ነው፤ የልጁ መንቀሳቀስ ላያነቃት ይችላል። በዚያ ወቅት ሌሊቱን ነቅቶ ሕፃኑን የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አባት የቃመው ጫት ወይም የጠጣው መጠጥ ካለ ደግሞ እሱ ከአልጋው ይውረድ፤ በሸነንም በአርባም መደብ ላይ ያደረ ሰው ለአንድ ሌሊት ቢደግመው አይከብደውም።

ቆላ ቆላው ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወይም ከቡሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ወባ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት ሲሰብኩ የኖሩት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ አጎበር ሥር ይተኙ እያሉ ነው። አንድ አጎበር ያለው ቤት አንድ አልጋ ነው ያለው ማለት ነው። «ሕፃኑን ለይተሽ አስተኚው» የሚል ምክር ሁለተኛ አጎበር ካልያዘ ለቢንቢ መስጠት ይሆናል። አጎበሩ ፍራሹ ሥር በደንብ ይጠቅጠቅ፤ ዳር ላይ ተንጠልጥሎ ሕፃኑ ፊት ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ ይታይ።

የሚጋቡ በሽታዎችን በአጭሩ ልለፍ። እከክ አንድ አልጋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ያዳርሳል፤ ስለዚህ የሚታከመው ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል አዋቂ አክታውን እስኪመረመር ከሕፃን ጋር መተኛት የለበትም፤ ሳንባ ነቀርሳ በሕፃናት ላይ ይከፋል።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የሚልኩት ምክር ከየት እንደመጣ መረዳትም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ጤና ቢሮ ሕፃን ከትልቅ ቢላ ጋር ተኝቶ የሚያሳይ ማስታወቂያ በየቦታው ለጠፈ፤ ልጅሽን ጎንሽ ማስተኛት ከዚህ አይለይም ለማለት ነው። ከዚህ ዓይነት ፍርሃት የተነሣ አንዳንድ እናቶች አልጋቸውን ሸሽተው ሶፋ ላይ ሲያጠቡ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሶፋ ላይ ከሕፃን ጋር ማሸለብ ደግሞ በጥናቶቹ ሁሉ ከአልጋ እጅግ የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። በከተሞቻችን ሶፋ የሌለው ሳሎን እያነሰ ስለሆነ ይህ የእኛም ጉዳይ ነው። እህት ከቨርጂኒያ ስትደውል «ሶፋ ላይ አትተኙበት» ብትል ትልቅ ውለታ ነው።

የተሻለ መንገድ ያሳዩት የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ናቸው። ሕፃናቸው በብዛት ይሞትባቸው ስለነበር ልማዳችሁን ተዉ ተብለው ነበር፤ አልተዉም። ዶክተር ዴቪድ ቲፔኔ ሊች ከሸማኔዎች ጋር ሆነው ዋሃኩራ የተባለ ከአገሩ ቃጫ የተሠራ የሕፃን ቅርጫት አስለመዱ። ቅርጫቱ ወላጆቹ አልጋ ላይ፣ በመካከላቸው ይቀመጣል፤ ሕፃኑ ከእናቱ ሳይርቅ የራሱ ቦታ ይኖረዋል። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለእናቶች የምትሰጠው የሕፃን ልብስ የያዘ ካርቶን ባዶውን ሲቀር የሕፃን መኝታ ይሆናል። ቅርጫት የሚሠሩ እጆች በኢሉባቦር ሞልተዋል። ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ ሥሩ ለጥ ያለ፣ ስፖንጅ ያልበዛበት ቅርጫት በመቱ ገበያ ቢታይ ደስ ይለኛል፤ የመቱ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራንም ነገሩን ቢያጠኑት ለተማሪዎቻቸው ጥሩ ርእስ ነው።

ልጁ ዓመት ካለፈው ጥያቄው ይቀየራል። መታፈን ብዙም አያሰጋም፤ የሚመጣው ጡት ማስጣል፣ ተከታይ ልጅና የቦታ ጥበት ነው። በብዙ ቤት ጡት የጣለ ልጅ ወደ አያቱ፣ ወደ አኮ፣ ይሄዳል። ለልጁ ሐዘኑን የሚያቀልለት ዘዴ ነው፤ ከሁለት ልጅ ጋር ለምትታገል እናትም እረፍት ነው። ልጅ እስከ አራት አምስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ቢተኛ ራሱን መቻል ያቅተዋል የሚለውን ፍርሃት በማስረጃ ተደግፎ አላየሁትም፤ በጃፓን ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት አብሮ ይተኛል፣ ልጆቹም አድገው ሥራቸውን ይሠራሉ። የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አድገው የደረሱ ወንድና ሴት ልጆችን ከሩቅ ዘመድ፣ ከእንግዳ፣ ከሠራተኛ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ማሳደር ልጅን ለጥቃት ማጋለጥ ነው። እስልምና ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው ይለይ ብሎ አስተምሯል፤ ይህ ለክርስቲያኑም ቤት የሚሠራ ምክር ነው። ሁለተኛ ክፍል ባይኖር መጋረጃና ሁለተኛ ፍራሽ አይጠፋም።

ወደ ሕፃኑ ልመለስ። እኛ ዘንድ ሕፃን ሌሊት ሲሞት በማግሥቱ ይቀበራል። ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ነው ለማለት አስከሬን መመርመርና የተኛበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህ በየመንደሩ አይደረግም። የሚቀረው የጎረቤት ሹክሹክታ ነው፤ «ተኝታበት ነው»። ያቺ እናት ከዚያ በኋላ የምትኖረውን ኑሮ ማሰብ ይከብዳል። ምክንያቱ ግን ኢንፌክሽን ወይም ቀድሞ ያልታየ የልብ ችግር ሊሆን ይችላል። ያልተመረመረ ሞት በእናት ላይ አይፈረድ።

በመቱ ካርል ሆስፒታልም ሆነ በየወረዳው ጤና ጣቢያ የምትሠሩ አዋላጆችና ነርሶች፣ እናቲቱ ከመውጣቷ በፊት ስለ እትብትና ስለ ክትባት ስትነግሯት ስለ መኝታው አምስት ደቂቃ ጨምሩበት፤ አባትየውንም ጥሩት፣ በቋንቋቸው ንገሯቸው፣ «ለይተሽ አስተኚ» ብላችሁ ብቻ አታሰናብቱ። አንቺም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አራስ ጥየቃ ስትገቢ ከገንፎው በኋላ አልጋውን እዪው፦ ክፍተቱን፣ ስፖንጁን፣ ብርድ ልብሱን፣ ማንደጃውን። የክርስትና ድግስ የምትደግሱ ወላጆችም በዚያች ሌሊት ሳይጠጣ የሚያድር አንድ ሰው አስቀድማችሁ ሰይሙ፤ ሕፃኑም ያ ሰው እየጠበቀው፣ ባልጠጣች እናቱ ጎን፣ በጀርባው፣ ፊቱ ተገልጦ ይተኛ።